ለክንዱ ቆጣሪ፣ ለጭንቅላቱ ቆብ

ባለታክሲው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች። ትናንት ማታ ሥራ ጨርሼ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ልጠጣ ገብቼ ተጨቃጭቄ ወጣሁ። ምክንያቱ ያው ስትራስበርግ ነው፣ የቤዝቦል ክለባችን የዋሽንግተን ናሽናልስ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የነበረው። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶም አላስተኛን አለ።

ለማያውቀኝ፣ እኔ ቤዝቦል የለመድኩት በታክሲ ሬዲዮ ነው። ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ፣ አርኤፍኬ ስታዲየም አካባቢ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ጨዋታውን እሰማ ነበር። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው። በኋላ ሱስ ሆነ። ሚስቴ "ቆመው ምራቅ ሲተፉ ምኑ ይታያል?" ትለኛለች። እሷም እውነት አላት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ቶሚ ጆን የሚሉትን የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና አደረገ። በ2012 ሙሉውን ዓመት ሊወረውር ሲመለስ ክለቡ ከመነሻው "ዘንድሮ በልክ ነው" አለ። እያንዳንዷን ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ቆጠሩ። 159 ከአንድ ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ሴፕቴምበር 7 ለመጨረሻ ጊዜ ወረወረ፤ በማግስቱ "በቃህ" ተባለ። ልብ በሉ፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፏል። ከሁሉም ክለብ በላይ። ዋናውን ፒቸር አስቀምጠው ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ገቡ። በአምስተኛው ጨዋታ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 9 ለ 7 ተሸነፉ። ያን ሌሊት መኪናዬን ዳር አቁሜ ሬዲዮውን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

እዚህ ድረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትናንት የተጨቃጨቅነው በሚቀጥለው ነው።

ስትራስበርግ ለመጨረሻ ጊዜ ሊወረውር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 5፣ ኦክላንድ ውስጥ ብራንደን ማካርቲ የሚባል ፒቸር አንድ ኳስ ወረወረ። የተጋጣሚው ቡድን የኤንጀልስ መቺ ኤሪክ አይባር መልሶ መታት። ኳሷ ቀጥታ ወደ ማካርቲ ጭንቅላት ሄደች። ጭንቅላቱ ላይ የነበረው የጨርቅ ቆብ ብቻ ነው። የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ገባ። ፈጣሪ አተረፈው፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ወረወረ።

ሁለቱም የሆኑት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። በአንዱ ከተማ የፒቸር ክርን እንዳይበጠስ ዶክተሩም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ጋዜጠኛውም ይቆጥራል። በሌላው ከተማ ፒቸር ጨርቅ አድርጎ ከሚመታ ኳስ ፊት ቆሟል። ክንዱ የክለቡ ጉዳይ ነው፤ ጭንቅላቱ የራሱ ምርጫ ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ሮስተር ላይ "ይሄን ሰው እንጠብቀው" ብሎ የሚወስን ክለብ፣ መጠበቂያው ክንድ ላይ ሲያልቅበት አይገርምም?

---

የጉለሌው_ልጅ (አሌክሳንድሪያ)

ኧረ በማርያም! አሁንም 2012? በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጺም ሊያወጣ ነው እኮ ጋሼ።

እኔ ያኔም ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ ነበር፣ ዛሬም ያው ነኝ። ባያስቆሙት ኖሮ በ2019 ማን ይወረውርልን ነበር? 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን የጀመርንበት ዓመት ነው። ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ ስንረታ የወርልድ ሲሪሱ፣ የፍጻሜው፣ ምርጥ ተጫዋች ማን ተባለ? በዚያ ፕሌይኦፍ አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም።

ክለቡን ማማት ካለብዎት ከዚያ በኋላ ባደረገው ይውቀሱት። 7 ዓመት፣ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የጀመረው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ ክርኑ አይደለም የከዳው። በአንገትና በትከሻ መሀል ነርቭ የሚያልፍበት ቦታ ተጣብቦ በ2021 ሌላ ቀዶ ጥገና ገባ። ክርኑን ሲጠብቁ በትከሻ በኩል መጣ። በ2024 ተሰናበተ።

የሄልሜቱ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አያደባልቁት።

---

አራት_ኪሎ (አዲስ አበባ)

ጋሼ ሰላም። ይቅርታ፣ እኔ ቤዝቦል አላውቅም። እዚህ የገባሁት በስህተት ነው፣ ግን ተያዝኩ።

ሁለት ጥያቄ። ሮስተር ማለት እንደ እግር ኳሱ የቡድን ስብስብ ነው? ሁለተኛ፣ ፔትር ቼክ በ2006 ከሬዲንግ ጋር ሲጫወት የራስ ቅሉ ተሰብሮ፣ ሲመለስ ያን ጥቁር የራስ መከለያ አደረገ። እስከ 2019 ድረስ፣ ጓንቱን እስኪሰቅል አላወለቀውም። ማንም አልሳቀበትም። እኛ ሰፈር ምንም ሳይሆን ያን የመሰለ ቆብ አድርጎ በረኛ የሚቆም ልጅ ነበር፤ ጀግና መስሎ ይታየን ነበር። እነዚህ ሰዎች መከለያ ማድረግ ምን አሳፈራቸው?

---

ባለታክሲው

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። በስህተት የገባ ነው ሱሰኛ የሚሆነው። እኔን አይተህ ተማር።

ሮስተር ያልከው ነው፣ ግን በጣም የጠበበ። ትልቁ ክለብ ጋ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው 26 ሰው ነው። ከእነሱ ውስጥ ፒቸር ከ13 አይበልጥም። በሴፕቴምበር ሁለት ሰው ይጨመራል። ከዚህ ሌላ በክለቡ የተያዙ 40 ስሞች አሉ፤ 26ቱም በውስጡ ናቸው። የቀሩት ታችኛው ሊግ እየተጫወቱ ይጠራሉ፣ ይመለሳሉ። አንድን ልጅ በዓመት እስከ አምስት ጊዜ ወደ ታች ሊልኩት ይችላሉ። ሻንጣውን ሳይፈታ የሚኖር ሰው አስብ።

የተጎዳ ሰው ደግሞ ዝርዝር አለው። ሜዳ ተጫዋች ቢያንስ 10 ቀን፣ ፒቸር 15 ቀን። ጭንቅላቱን ለተመታ ከ2011 ጀምሮ የ7 ቀን ለብቻው አለ።

የሜዳውን ነገር ላስረዳህ። ገና ተጫውተህ ታውቃለህ አይደል? ሩሯ ስትመጣ ዱላውን የያዘ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። አንዱ ቅልጥሙን ይዞ ይወድቃል። ቢከፋህም "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፣ ትነሳለህ። ቤዝቦልም እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ኳሷ ወደ 145 ግራም ትመዝናለች፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ትመጣለች። ፒቸሩ የቆመው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ላይ ነው። ወርውሮ ሲጨርስ እግሩ ወደፊት ስለሚሄድ 17 ሜትር እንኳን አይቀረውም። ሚዛኑ ተዛብቶ፣ ፊቱ ተጋልጦ ባለበት ሰዓት ኳሷ ከመጣችበት ፈጥና ትመለሳለች።

ያሳፈራቸውን ጥያቄ ለእነሱ እተወዋለሁ። ቼክን ግን ጥሩ አነሳኸው። እኛም ጆን ኦለሩድ ነበረን። ኮሌጅ እያለ በ1989 አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ከሞት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ፈርስት ቤዝ (ሯጩ መጀመሪያ የሚደርስበት ማዕዘን) ላይ ቆሞ ኳስ ሲቀልብ እንኳ ሄልሜት ያደርግ ነበር። ማንም ሜዳ ላይ ሄልሜት በማያደርግበት ጊዜ! ከቶሮንቶ ጋር በ1992ና በ1993 ዋንጫ በላ። በ1993 የመምታት አማካዩ ከሺህ 363 ነበር። አንድ መቺ ከአሥር ሦስት ጊዜ ቢሳካለት ጎበዝ ይባላል፤ ይሄ ከሦስት ተኩል አልፏል።

---

765_ሚሊዮን (ኒውዮርክ)

ሁዋን ሶቶን የሚያህል መቺ የሸጠ ክለብ ደጋፊ ስለ ሮስተር ሲያወራ መስማት ደስ ይላል። ሃሃሃ።

---

ባለታክሲው

አውቄ ነበር እንደምትመጣ። በሶቶ ጉዳይ ሌላ ክር ክፈት፣ እዚያ እንደባደባለን። 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን አቀረብንለት፣ እምቢ አለ። በኦገስት 2022 ሰጠንና ኤብራምስን፣ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን ወሰድን። ጎርና ዉድ በ2025 ኦል ስታር (የምርጦች ጨዋታ) ገብተዋል። እኛ ግን ያው እንሸነፋለን፣ ጄኔራል ማናጀሩንም አሠልጣኙንም በዚያው ጁላይ በአንድ ቀን አባረሩ። በቃ፣ ደስ ይበልህ።

---

ነጭ_ጋወን (ፌርፋክስ)

እኔ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ባሌ ነው ሊንኩን የላከልኝ። ስለ ጨዋታው ብዙ አላውቅም፣ ስለ ጭንቅላት ግን ትንሽ ልበል።

ማካርቲን ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። ያስደነገጠኝ መመታቱ አይደለም። ተነስቶ በእግሩ መውጣቱ ነው። ሰው ሁሉ "እፎይ፣ ደህና ነው" ይላል። እኛ ጋ ግን ይሄ ዓይነቱን በደንብ ነው የምንፈራው። ጆሮ ግንድ አካባቢ አጥንቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ የደም ሥር ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ የደም ሥሩ ይቀደዳል፣ ደሙ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መሀል ይጠራቀማል። ሰውዬው ያወራል፣ ይስቃል፣ ውሃ ይጠይቃል። ከዚያ ራሱን ይስታል። ስለዚህ "በእግሩ ሄደ" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ስካን እስኪደረግ ድረስ ማንም ደህና አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሄልሜት አጥንት ከመሰበር ያድናል። አንጎል መናወጥን ግን ያን ያህል አይከለክልም። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም ውስጡ ያለው አንጎል አይቆምም። የሞላ እንስራ ይዘሽ ስትደናቀፊ እንስራው ሳይሰበር ውሃው እንደሚናወጠው ማለት ነው። ስለዚህ "ሄልሜት አድርጓል፣ ይጫወት" የሚለውንም አልወደውም። ያ የ7 ቀን ዝርዝር የተባለው ለእኔ ከሄልሜቱ እኩል ነው።

ጋሼ እርስዎ ትክክል ነዎት ብዬ አልፈርድም። ግን ክንድ ይሰፋል።

---

ቁጥር_አይዋሽም (ዳላስ)

ሁላችሁም ስሜታዊ ሆናችሁ። እኔ ደግሞ ልቃወም።

መከለያው የለም አትበሉ። ከ2014 ጀምሮ ሊጉ የተቀበለው ውስጡ የተደለደለ የፒቸር ቆብ ነበር። አሌክስ ቶረስ ሳንዲያጎ እያለ በዚያው ዓመት ጁን ላይ አድርጎት ወጣ፤ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቆቡ ከፊት ግማሽ ኢንች፣ ከጎን አንድ ኢንች ያህል ይወፍራል። እንጉዳይ አስመሰለው ብለው ተረቡት። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም፣ መወርወሩን ቀጠለ። ተከተሉት? አልተከተሉትም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ደግሞ ልንገራችሁ። ማካርቲ ራሱ፣ ያ የራስ ቅሉ የተሰነጠቀው ሰውዬ፣ ቆቡን ሞክሮ አልወደደውም። ትልቅ ነው፣ ይሞቃል አለ። የተመታው ሰው እምቢ ያለውን እናንተ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታስገድዳላችሁ?

ሌላም አለ። ክሪስ ባሲት በኦገስት 2021 ቺካጎ ላይ የተመታው ጉንጩን ነው። ጄ.ኤ. ሃፕ በ2013 ከታምፓ ቤይ ጋር ሲጫወት የተመታው ጆሮው አካባቢ ነው። የተደለደለ ቆብ ጉንጭ አይሸፍንም። ፊቱን በሙሉ ሸፍን ካልከው ደግሞ የካቸሩን (የኳስ ተቀባዩን) ጓንት ማየት አለበት፣ ፈርስት ቤዝ ላይ ያለውን ሯጭ በጎን ዓይኑ ማየት አለበት፣ በዚያ ላይ ከ2023 ወዲህ ሰዓት ይቆጥርበታል። በሺዎች የሚቆጠር ኳስ በየሳምንቱ ይመታል፣ ፒቸር ጭንቅላቱን የሚመታው ስንቴ ነው? ትልቅ ሰው ናቸው። ይምረጡ።

---

የሁለት_ተጫዋች_እናት (ሜሪላንድ)

"ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይምረጡ" ያልከው ወንድሜ፣ አንተ ትልቅ ሰው ብቻ ነው የሚያያቸው ብለህ ነው? የእኔ ልጅ ያያቸዋል። 11 ዓመቱ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ሶፍትቦል ፒቸር ናት። ስትወረውር ፊቷን የሚሸፍን የብረት ማስክ ታደርጋለች። ቡድኗ ውስጥ ፒቸሯም፣ ሰርድ ቤዝ የምትቆመውም ያደርጋሉ። ማንም አልነገራቸውም "ፈሪ ናችሁ" ብሎ። በሮዝ ያስቀቡታል፣ ስማቸውን ይጽፉበታል። ጓንት ለማየት፣ ሯጭ ለማየት አልቸገራቸውም። የሚወረውሩት ደግሞ ከቤዝቦሉ ቀርበው ነው፤ ሃይስኩል ሲደርሱ እንኳ 13 ሜትር ብቻ ነው።

ወንዱ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆም) ነው። ሲመታ የሚያደርገው ሄልሜት ላይ የጉንጭ መከለያ ላድርግልህ አልኩት። አለቀሰ። "ጓደኞቼ ይስቁብኛል" አለኝ። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ የሚበሉ ልጆች ናቸው። አንዷ ፊቷን ሸፍና ትኮራለች፣ አንዱ ጉንጩን ሸፍኖ ያፍራል። ይሄን ከየት አመጣው? ከቴሌቪዥን ነዋ።

ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ ኳስ ዘላ ከንፈሩን መታችው፣ አራት ቦታ ተሰፋ። አሠልጣኙ "ወንድ ነው፣ ይለምደዋል" አለኝ። ምን እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፍም።

---

የጉለሌው_ልጅ

እትዬ እውነት ነው። የኒውዮርክ ሜትሱን ዴቪድ ራይትን አስታወሱኝ። በ2009 የማት ኬን ኳስ ሄልሜቱን መታው፣ አንጎሉ ተናወጠ። ሲመለስ ትልቁንና ጠንካራውን አዲስ ሄልሜት አድርጎ መጣ። የካርቱን ሰው መሰለ ብለው ሳቁበት። ጥቂት ጨዋታ ሞክሮ ወደ ድሮው ተመለሰ። ደግሞ ታውቃላችሁ በ2013 ምን እንደሆነ? በሰዓት 100 ማይል የሚችል ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ቀለል አድርገው ሠሩት፣ ሁሉም አደረገ፣ የሚስቅም የለም።

ጋሼ፣ አያደባልቁት ብዬ ነበር፤ ቃሌን ትንሽ ልሳብ። ነጭ ጋወን ያለችውን ሳነብ አንድ ነገር መጣልኝ። ሮስተሩ ራሱ ነው አደጋው። የ26ኛው ሰው ቦታ ላይ ያለ ልጅ አስቡ። ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። ኳስ ጭንቅላቱን ጫር አድርጎት ትንሽ ዞረበት። ይናገራል? ዝርዝሩ ላይ 7 ቀን አለ፣ እውነት ነው። በ7 ቀን ውስጥ ግን ሌላ ሰው ቦታው ላይ ይገባል። ዋሊ ፒፕን የማያውቅ ተጫዋች የለም። በ1925 ያንኪስ ውስጥ ፈርስት ቤዝ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብሎ አንድ ቀን ዐረፈ፣ ሉ ጌሪግ ገባ፣ 2,130 ጨዋታ በተከታታይ ተጫወተ ይባላል። የራስ ምታቱ ተረት ነው ይላሉ። ፒፕ በእርግጥ የተመታው ከአንድ ወር በኋላ ልምምድ ላይ ነው፣ የራስ ቅሉም ተሰንጥቋል። ግን ተረቱ ነው የቀረው። "ራሴን አመመኝ ያለ ቦታውን ያጣል።" መቶ ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ይነጋገራሉ።

---

ቁጥር_አይዋሽም

ይሄኛውን እቀበላለሁ። እንዲያውም ካቸሮቹን ጨምሩበት። ይሄ ቁጥር ነው፣ የእኔ ሜዳ።

ክለቦች ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ካቸር ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚያዩት ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ ስትራይክ (በልኩ የተወረወረች) አስመስሎ የመያዝ ችሎታውን ነው። ለዚያ ደግሞ ወደ መቺው መጠጋት አለበት። በተጠጋ ቁጥር ዱላው እጁ ላይ ይደርሳል። ሜይ 2024 ላይ የሴንት ሉዊሱ ዊልሰን ኮንትሬራስ የጄ.ዲ. ማርቲኔዝ ዱላ መትቶት ክንዱ ተሰበረ። ማስኩ፣ የደረት መከለያው፣ የእግሩ መከለያ ሁሉ ነበረው። ክንዱ ላይ ምንም። ስትራይክ በካቸር ክንድ ተገዛ ማለት ነው። ከ2026 ጀምሮ የዳኛውን ውሳኔ በማሽን መቃወም ስለተፈቀደ፣ ማስመሰሉ ዋጋው ሲቀንስ ምናልባት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይሉ ይሆናል።

የፒቸሩን ግን አሁንም ግዴታ አላደርገውም።

---

ባለታክሲው

አሁን ጨዋታ መጣ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ቀይ መብራት ላይ እያነበብኩ ነው የመጣሁት። ፖሊስ ካለ ይለፈኝ።

ቁጥር አይዋሽም፣ አንተን የምከራከርህ በታሪክ ነው። ሬይ ቻፕማንን ታውቀዋለህ። የክሊቭላንድ ሾርትስቶፕ። ኦገስት 16፣ 1920 ኒውዮርክ ላይ የካርል ሜይስ ኳስ ጭንቅላቱን መታው፣ በማግስቱ ሞተ። ሄልሜት ለመቺዎች ግዴታ የሆነው መቼ ነው? በ1971። ሃምሳ አንድ ዓመት! ያውም ለአዲስ ገቢዎች ብቻ። ነባሮቹ "እኛ ለምደናል" አሉ፣ ተፈቀደላቸው። አንዱ እስከ 1979 ያለ ሄልሜት መታ። ጆሮ የሚሸፍነውም እንዲሁ፣ በ1983 ለአዲሶቹ ብቻ። ለዓመታት የድሮ ሰዎች ጆሯቸው ተገልጦ ይመቱ ነበር፣ ልጆቹ ተሸፍነው። ዛሬ ጆሮው የተገለጠ መቺ ብታይ እብድ ነው ትላለህ።

የቤዝ አሠልጣኞች ሄልሜትስ? ማይክ ኩልባው በጁላይ 2007 ታችኛው ሊግ ላይ ፈርስት ቤዝ አጠገብ ቆሞ እያሠለጠነ ኳስ መትቶት ሞተ። በ2008 ግዴታ ሆነ። ከትልቁ ሊግ አሠልጣኞች ያጉረመረሙ ነበሩ። አሁን ማን ያጉረመርማል?

ስለዚህ ማካርቲን አላስገድደውም። ባሲትንም ተወው። የምለው አዲሱን ልጅ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ታችኛው ሊግ ሲገባ ከቆቡ ጋር ይስጡት። ሲሞቀው ይልመደው፣ ሲከብደው ኩባንያው ቀለል አድርጎ ይሥራለት። ታችኛው ሊግ ላይ ክለቡ የሚቆጥረውን ኳስ ሁሉ ይቆጥራል፣ የሚበላውን ይመዝናል፣ የሚተኛበትን ሰዓት ያውቃል። ቆቡ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው "መብቱ ነው" የሚባለው?

ስለ ገንዘቡም ልጨምር። ጂያንካርሎ ስታንተን በሴፕቴምበር 2014 የማይክ ፋየርስ ኳስ ፊቱን መታው፣ አጥንቱ ተሰበረ፣ ጥርሱ ረገፈ። ሁለት ወር ሞልቶ ጥቂት ቀን ሲያልፍ፣ ማያሚ 13 ዓመት በ325 ሚሊዮን አስፈረመው። በ2015 ሄልሜቱ ላይ በጂ ፊደል ቅርጽ የተሠራ ብረት አስገጥሞ መጣ። ክለቡ ያን ገንዘብ ሲጽፍ "መከለያውን ታደርጋለህ" የሚል መስመር ቢጨምር ኖሮ ማን ይቃወም ነበር? እሱ ግን ራሱ አሰበበት።

---

አራት_ኪሎ

ቆይ፣ ሯጮቹ እጃቸው ላይ የሚያደርጉት ሰፊ ጓንትስ ምንድን ነው? አሁን ቪዲዮ እያየሁ ነው። እንጀራ ከምጣድ የሚያወጣ ነው የሚመስለው።

---

የጉለሌው_ልጅ

ሃሃሃ! እንዲያውም እዚህም የምድጃ ጓንት ነው የሚሉት። በደረቱ ሲንሸራተት ጣቱ ቤዙ ላይ እንዳይሰበር ነው። እሱም ሲጀመር ተስቆበታል። አሁን ፈጣን ሯጭ ሆኖ ያላደረገ ብርቅ ነው፣ ልጆቹ በየቀለሙ ይገዛሉ። እንግዲህ ራስህ ፍረድ።

---

የሁለት_ተጫዋች_እናት

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ። የጉንጭ መከለያውን ብቻውን ገዝቼ መጥቻለሁ። ባሌ ድሪል ይዞ ተቀምጧል። ይብሳው?

---

ቁጥር_አይዋሽም

እትዬ፣ አደራ! ድሪሉን ከእጁ ይቀሙት። ሄልሜቱ ከጀርባው የደህንነት ማረጋገጫ አለው። ከተበሳ ያ ማረጋገጫ ዋጋ ያጣል፣ ሊጉም ላይቀበለው ይችላል። የሄልሜቱ ኩባንያ ራሱ ለዚያ ሞዴል የሠራውን ይፈልጉ፣ ወይም ከነመከለያው ተገጥሞ የሚሸጠውን ይግዙ። ሲገዙም የልጁ መምቻ ጎን በየት በኩል እንደሆነ ይዩ። በቀኝ የሚመታ ልጅ ወደ ፒቸሩ የሚያዞረው ግራ ጉንጩን ነው፤ መከለያው በግራ ይሁን። ብዙ ወላጅ ተሳስቶ ይመልሳል።

---

ነጭ_ጋወን

ባሌም ድሪል አለው። ወንዶች ድሪል ሲይዙ አላምናቸውም።

---

የሁለት_ተጫዋች_እናት

ተመስገን ጠየቅኩ። መለስኩት፣ ተገጥሞ የመጣውን ያዝኩ። በግራ በኩል ነው፣ አየሁት።

ጋሼ፣ ስለ ስታንተን የጻፉትን ለልጁ አነበብኩለት። አላመነኝም። ፎቶውን ፈልገን አሳየሁት፣ ያኛውን ብረቱን፣ ቀጥሎ በ2017 59 ሆምረን (ከሜዳ የወጣ ምት) የመታበትን ዓመት። ብዙ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ "59 ሲመታ ይሄን አድርጎ ነው?" አለኝ። መከለያ አድርጎ ነው አልኩት። "ቀይ ቀለም አለው?" አለ።

ጥቁር ነበር የገዛሁት። ነገ ለሁለተኛ ጊዜ ልመልስ ነው።

---

ባለታክሲው

እኔ ነገ በዚያ በኩል ነኝ፣ ሱቁ ድረስ በነፃ አደርስሻለሁ። ባልሽ ግን ድሪሉን ቤት ይተው።